ከፍሩትቬል በታች ያለው ጭቃ

ባሕሩ በሸሸበት ጠዋት ከወንዙ አፍ ጭቃ ልወስድ ወርጄ ግራ እግሬ እስከ ጭኔ ሰመጠ። መጀመሪያ ሳቅሁ። እሱን ለማውጣት ስታገል ቀኙ ሲከተለው ግን ሳቄ ቆመ። ከፊቴ የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ተገትረዋል፤ ከኋላዬ ፍሪዌዩ ያጓራል። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ከሚሮጥ መንገድ አጠገብ ሆኜ አንድም ሰው የሚያየኝ አልመሰለኝም።

"አትታገይ!" ብሎ ጮኸ የሥራ ባልደረባዬ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ባሕር ላይ በጀልባ ሲሠራ የኖረ። "በታገልሽ ቁጥር ይውጥሻል። ወደ ኋላ ተቀመጪ።"

"ጭቃው ላይ?"

"ጭቃው ላይ።"

ተቀመጥኩ። ቅዝቃዜው ወገቤ ድረስ ዘለቀ። ጭቃ የሞላውን የመስታወት ማሰሮ ደረቴ ላይ አቅፌ ይዤዋለሁ። ውሃው መመለስ ጀምሯል፤ ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ በየስንጥቁ እየገባ፣ ከአፍታ በፊት የረገጥነውን ቦታ ጠፍጣፋ መስታወት ያስመስለዋል። ባልደረባዬ ሰፊ ጣውላ እየገፋ በደረቱ ተኝቶ መጣ። ማሰሮውን መጀመሪያ እንዲቀበለኝ ዘረጋሁለት።

"አብደሻል?" አለኝ። "እጅሽን ስጪኝ!"

ስወጣ አንዱን ቡትስ ጭቃው አስቀረው። ማሰሮው ግን ወጣ። መኪናው ውስጥ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ክዳኑን ደጋግሜ ስነካ ባልደረባዬ በጎን አየኝና ማሞቂያውን ጨመረው። ያን ጭቃ ለማምጣት የሄድነው ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ቀደም ብለን ያመጣነው ውስጥ ያስገባነው እንስሳ ሁሉ ሞቶብናል።

ሥራዬ ደለል መመርመር ነው። በከተማው መንገድ፣ ጣሪያና ግቢ ላይ የሚወርደው ዝናብ በጎርፍ ቱቦ ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ባሕሩ ይገባል። ይዞት የሚመጣው አፈርና እድፍ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ይዘቅጣል። እኛ ያንን ጭቃ ላብራቶሪ እናመጣና የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ከሽሪምፕ ዘር የሆኑ ጥቃቅን እንስሳት እናኖርበታለን። ከቀናት በኋላ ጭቃውን በወንፊት አጥበን በሕይወት የተረፉትን እንፈልጋለን። ጤነኛ ጭቃ ከሆነ ወንፊቱ ላይ ሲፈራገጡ ይታያሉ። የዚያ ወንዝ ጭቃ ሲታጠብ ግን ወንፊቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

ምን እንደሚገድላቸው ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ከወንዙ ዳር ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋ የብረት ማቅለሚያ ፋብሪካ አለ። የሰፈሩ ሰው በልጅነቱ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ ማየቱን ይናገራል። መሬቱን የገዛው ድርጅት አፓርትመንት ሊሠራበት አስቧል፤ ነዋሪው ደግሞ መጀመሪያ መርዙ ይጽዳ ይላል። ሁለቱም ወገን የእኛን ውጤት እየጠበቀ ነበር። አለቃዬ ጠዋት ጠዋት ስልኳን ስታነሳ ፊቷ ሲጨማደድ ካየሁ ከሁለቱ አንደኛው እንደደወለ አውቃለሁ።

መርዙን የምንለየው ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ በማስወጣት ነው። መጀመሪያ ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ጭቃው ውስጥ ጨመርን። ገዳዩ ከፋብሪካው የመጣው እርሳስና መዳብ ቢሆን ኖሮ እንስሳቱ መትረፍ ነበረባቸው። ሞቱ። ሌላ ማሰሮ ውስጥ ጭቃ ሲበሰብስ የሚፈጥረውን አሞንያ አስወገድን። ሞቱ። ከዚያ አለቃዬ አንዱን የማሰሮ ረድፍ ቀዝቃዛ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳስገባው አዘዘችኝ። አብዛኛው መርዝ ሲቀዘቅዝ ይዳከማል። እነዚህ ግን ከሞቀው ረድፍ ቀድመው አለቁ።

ውጤቱን ሳሳያት ቁጥሮቹን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበች።

"ሲቀዘቅዝ የሚበረታ መርዝ ታውቂያለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ።

አውቃለሁ። ለጉንዳንና ለበረሮ የሚረጨው፣ በየሱቁ የሚሸጠው የፀረ-ተባይ ዓይነት ነው።

ለማረጋገጥ ያንን መድኃኒት ብቻ የሚፈጭ ኢንዛይም ጨመርንበት። ጭቃውን በወንፊት አጥቤ ሳይ እግሮች ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ አብዛኞቹ። ለወራት ሬሳ ብቻ ስለቅም ከርሜ ያንን ሳይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስታው ግን እጄን ታጥቤ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። ታላቅ ወንድሜ የሚተዳደረው ያንን መድኃኒት በመርጨት ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። እኔ በዲቪ ስመጣ እሱ ሳን ሆዜ ቤት ይዞ ነበር። ሳሎኑን መጋረጃ ጋርዶ ሰጠኝ፤ እሱና ሚስቱ ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ ስንት ማታ እኔ ስላጠና በሹክሹክታ ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ በሺፍት ሠራ፤ ከዚያ ፔስት ኮንትሮል፣ የተባይ ማጥፋት ሥራ፣ ተማረና ፈተናውን አልፎ የራሱን ቫን ገዛ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጉንዳን ያስቸገረው ሁሉ ለሱ ነው የሚደውለው። ቫኑ ውስጥ መዝሙር ከፍቶ ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ይመላለሳል። በሥራው የሚኮራ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መርዙ በየትኛው ቱቦ እንደሚገባ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ መፈለግ ነበር። የየጉድጓዱን ክዳን እየከፈትን ከሥር የተጠራቀመውን ደለል እንወስዳለን። ከፍሩትቬል የባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ አንድ ትልቅ አፓርትመንት ጀርባ ደርሰን ባልደረባዬ ክዳኑን በብረት ሲፈነቅል ከሕንፃው ጥግ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

"እንዴ! አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ወንድሜ ነው። ጀርባው ላይ ታንኩን አዝሎ፣ የመርጫውን ዘንግ ይዞ ፊቱ በሳቅ ተሞልቷል። አጠገቡ የሕንፃው ተቆጣጣሪ አለ። ክንዴን ያዘና ለሰውዬው "ማይ ሲስተር!" አለው። "ሳይንቲስት ናት! እኔ ቤት ሆና ነው ኮሌጅ የጨረሰችው!" ሊያቅፈኝ ሲል ጓንቴን አሳየሁት።

"ቆሻሻ ነው፣ ጋሼ፤ የጭቃ ነው።"

"የእኔስ ምን ንጹሕ አለው?" ብሎ የራሱን ጓንት እያሳየኝ ሳቀ።

አብሬው ልስቅ ሞከርኩ። ዓይኔ ግን ከሱ ኋላ ነበር። በግድግዳው ሥር ሲሚንቶው ላይ አዲስ የተረጨ ርጥብ መስመር ያብለጨልጫል፤ መስመሩ ቁልቁል ሄዶ ባልደረባዬ በተንበረከከበት የጎርፍ ጉድጓድ አፍ ላይ ያበቃል። በዚያ ሳምንት ዝናብ እንደሚመጣ ተነግሯል። ጋሼ ቫኑ ውስጥ ከያዘው ቀዝቃዛ ውሃ አንድ አንድ ጠርሙስ ሰጠን። ባልደረባዬ አመስግኖ ተቀበለና የጭቃውን ማሰሮ ዘጋ።

ፍሪዌዩ ላይ ስንወጣ ባልደረባዬ ሬዲዮውን አጠፋ።

"ወንድምሽ ነው?"

"አዎ።"

"ለአለቃችን አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልንገራት?"

"እኔው እነግራታለሁ።"

ልብሴን ሳልቀይር ወደ ቢሮዋ ገባሁ። ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚረጭ፣ ዛሬ የት እንዳየሁት። አቋርጣ አልጠየቀችኝም።

"ከአሁን ጀምሮ የዚያን ቱቦ ጭቃ አትነኪም" አለች። "ማሰሮዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በኮድ ይቀየራል። የሚመረምረው ሰው ከየት እንደመጡ አያውቅም። የምናደርገው አንቺን ስለጠረጠርኩ አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥርሽ ነው።"

"ገብቶኛል። ለወንድሜስ ልንገረው?"

"ውጤቱ እስኪወጣ ባትነግሪው እመርጣለሁ።"

"እሱን ቃል ልገባልሽ አልችልም" አልኳት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጠነከረ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲያው የምናውቀውን ብቻ ንገሪው። የማናውቀውን እንዳወቅን አድርገሽ እንዳትነግሪው።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምሳ እሱ ጋ ሄድኩ። ልጆቹ በልተው ወደ ክፍላቸው እስኪገቡ ጠበቅሁ። ሚስቱ ሳህን ታነሳለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ያገኘኸኝ ቦታ ለምን እንደሄድን ልንገርህ።"

ነገርኩት። ስለ ጭቃው፣ ስለሚሞቱት እንስሳት፣ ስለ ቅዝቃዜው። መጀመሪያ ሁልጊዜ ስለ ሥራዬ ስነግረው እንደሚያደርገው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ መነቅነቁን አቆመ።

"እኔ የምረጨው ነው የምትይው?"

"የዚያ ዓይነት መድኃኒት ነው። ከየት እንደመጣ ገና አልታወቀም።"

"እኔን እንዳየሽኝ ለአለቃሽ ነግረሻል?"

"ነግሬያለሁ።"

"ከእኔ በፊት?"

"ካንተ በፊት።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "እኔ ላይሰንስ አለኝ። ተፈትኜ ያለፍኩ ነኝ። ማንም ሰው ሱቅ ሄዶ አንስቶት የሚመጣውን ነው የምረጨው። ለዚያውም እኔ ለክቼ ነው የምረጨው!"

"ሕግ ጥሰሃል ያለ ሰው የለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?"

"ሲሚንቶው ላይ ስትረጭ አየሁህ። አፈር ላይ ቢሆን ይይዘዋል። ሲሚንቶ ግን አይመጠውም፤ ዝናብ ሲመጣ ጠርጎ ይወስደዋል። ደግሞ በሲሚንቶ ላይ ስለመርጨት ደንብ አለ፤ አንተ ታውቀዋለህ።"

"ደንበኛው ርጥቡን ካላየ እኮ ሠራህ አይለኝም!" ብሎ ጮኸ። በሕይወቴ ጋሼ የጮኸብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። "ላዩ ላይ ማየት ይፈልጋል! ካላየ ሌላ ይጠራል! ይሄን አለቃሽ ታውቃለች?"

ያን ጊዜ ሚስቱ ከማጠቢያው ዞራ፣ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ፣ "ለሰውስ?" አለችኝ።

"ምን?"

"ለሰውስ እንዴት ነው? ሥራ ውሎ ሲመጣ ፊቱን ያቃጥለዋል። እንደ ጉንዳን ይሄድብኛል ይላል። ልብሱን ከልጆቹ ጋር ቀላቅዬ ነው የማጥበው።"

"አንቺ ደግሞ አሁን..." አለ ጋሼ።

"ዝም በል፣ እሷን ነው የጠየቅሁት።"

እኔ ያን ሁሉ ወራት የእንስሳቱን እግር ስመለከት ስለ ወንድሜ ፊት አልጠየቅሁም። የማውቀውን ነገርኳት፤ መድኃኒቱ ቆዳ ሲነካ እንዲህ ያለ ውርር የሚል ስሜት እንደሚያመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚለቅ፣ ደጋግሞ ከመጣ ግን ሐኪም ማየት እንዳለበት፣ ልብሱ ለብቻው መታጠብ እንደሚገባው። ጋሼ ንግግሬን ሳያስጨርሰኝ ተነስቶ ወደ ጋራዡ ወጣ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢወረውረው ይሻል ነበር እያልኩ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ስልኬን አላነሳም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታ ቀየረ። ሰው "ወንድምሽ ደኅና አይደለም እንዴ?" ሲለኝ "ሥራ በዝቶበት ነው" እላለሁ። ላብራቶሪ ደግሞ በኮድ የተጻፉት ማሰሮዎች በመደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። በአጠገባቸው ሳልፍ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ባልደረባዬ በወንፊት እያጠበ ሲቆጥር ከንፈሩን አይ ነበር፤ ለራሱ የሚጠራውን ቁጥር እሰማ ይሆን ብዬ። እሱም አውቆብኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

ውጤቱ በወጣ ጊዜ አለቃዬ በሯን ዘግታ አስቀመጠችኝ።

"የአፓርትመንቱ ቱቦ መድኃኒቱ አለበት" አለች።

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ቆዪ፣ ስሚኝ። ከሱ በላይ ያሉትም አለባቸው። ወንድምሽ ረግጧቸው የማያውቅ ሰፈሮች። ኮረብታው ላይ ያሉት ትልልቅ ቤቶችም አለባቸው፤ እንዲያውም ከአንዳንዱ ይብሳል። የፋብሪካው ብረታ ብረትም ጭቃው ውስጥ አለ፤ በእኛ ሙከራ እንስሳቱን የገደለው ግን እሱ አይደለም።"

የመጀመሪያው ስሜቴ እፎይታ ነበር። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ ግን እፎይታው ጠፋ። አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይቆማል። ከየቤቱ የሚመጣን ነገር ማን ያቆመዋል?

ውጤቱን ለነዋሪው የማስረዳት ሥራ ለእኔና ለአለቃዬ ተሰጠ። ወንድሜ በጉዳዩ እንዳለበት በስብሰባው መጀመሪያ እንድናገር ጠየቅሁ፤ ስሙን ሳልጠራ የቅርብ ዘመዴ በዚህ ሥራ እንደሚተዳደርና የዚያን ቱቦ ጭቃ እኔ እንዳልመረመርኩ ተናገርኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። የሙከራውን ነገር አስረድቼ ስጨርስ አንዲት አዛውንት ከፊት ተነሱ።

"እኔ ከዚያ ፋብሪካ አጠገብ ነው ያደግሁት" አሉ። "ባለቤቴ እዚያ ሠርቶ ነው ሳንባው ያለቀው። እናንተ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይታችሁ መጥታችሁ ጥፋቱ የጉንዳን መድኃኒት ነው ትሉናላችሁ?"

አዳራሹ ጮኸ። መልስ ሳልጀምር የመሬቱ ባለቤት ድርጅት ተወካይ እጁን አውጥቶ ፈገግ እያለ "ስለዚህ መሬታችን ነፃ ነው ማለት ነው" አለ።

"እንደዚያ አላልኩም" አልኩ። ማይክሮፎኑ ድምፄን ስላጎላው ራሴን አስደነገጥኩ። "እኛ የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እነዚህን እንስሳት አሁን የሚገድላቸው ምንድን ነው የሚል። የፋብሪካው መሬት ንጹሕ ነው አላልንም። ብረታ ብረቱ እዚያው አለ፤ ቁፋሮ ሲጀመር ምን እንደሚሆን ገና አልተመረመረም።" ወደ አዛውንቷ ዞርኩ። "የባለቤትዎን ነገር ይህ ሥራ አይመልስም፣ እናቴ። ይመልሳል ብዬ አልዋሽዎትም።"

ቁጣቸው አልበረደም። ግን ተቀመጡ። ተወካዩም ፈገግታውን ተወው።

ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰው ተነሳ። ጋሼ ነበር። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ መቼ እንደገባ አላየሁም። በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን እየመረጠ፣ "ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ነገ ጠዋት ምን ያድርግ?" ብሎ ጠየቀ።

አለቃዬ ልትመልስለት ስትል እጄን አነሳሁ። በሲሚንቶ ላይ አትርጭ፤ ዝናብ በተባለ ሰሞን አትርጭ፤ መግቢያ ቀዳዳውን ድፈን፤ በወጥመድ ውስጥ ምግብ አስቀምጥ አልኩ። እንደ ማንኛውም ጠያቂ ነው የመለስኩለት። "ደንበኛው አይቀበልም" አለ። "እሱን እኔ ላስተካክለው አልችልም" አልኩ። አዳራሹ ውስጥ እህትና ወንድም መሆናችንን ከባልደረባዬና ከአለቃዬ በቀር ያወቀ የለም።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ።

"ሐኪም አየኝ" አለ። "ጓንትና የፊት መሸፈኛ ቀይር አለኝ። የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎኛል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ከእኔ በፊት ለፈረንጇ አለቃሽ መንገርሽ ግን አሞኛል። አሁንም ያመኛል።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ እንዳትነግሪያት እለምንሽ ነበር" አለና መሬት መሬት አየ። "ለዚያ ይሆን የተናደድኩት አላውቅም።" ከዚያ ቫኑን አስነስቶ ሄደ።

ወንድሜ አሁን ግድግዳ ሥር መርጨት ትቷል። የፍሩትቬሉ አፓርትመንት ሌላ ሰው ቀጥሯል፤ ከቤተ ክርስቲያንም "እንደ ድሮው አይረጭም" ብለው የተዉት አሉ። ፍሪሞንት ያለ አንድ መጋዘን ግን ቀዳዳ በመድፈን ብቻ እንዲሠራለት ተዋውሎታል። ስልኬን ያነሳል፤ የልጆቹን ነገር እናወራለን። ስለ ሥራ ሲጠይቀኝ ግን ከበፊቱ ቀዝቀዝ ብሎ ነው፣ እኔም መልሴን አሳጥራለሁ።

ከሚቀጥለው የዝናብ ወራት በኋላ ከዚያው ወንዝ አፍ ያመጣነው ጭቃ ውስጥ ጥቂቶቹ እንስሳት ተርፈው ተገኙ። ባልደረባዬ ደስ አለው። አለቃዬ ግን ዝናቡ አነስተኛ ስለነበር ይሁን ሰው መርጨት ቀንሶ ይሁን አይታወቅም አለች፤ ትክክል ናት። ፋብሪካው ያለበት መሬት ታጥሮ እንደቆመ ነው፤ አዛውንቷ በየስብሰባው ይመጣሉ፣ ከፊት ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ሳን ሆዜ ወንዞች ተመድቤያለሁ። እዚያም የመጀመሪያው ጭቃ ሲታጠብ ወንፊቱ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር አላየንም።